ጥያቄና መልስ ከአባ ፋይል ጋር፦ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ይሁን? ከፋዩስ ማነው?

አባ ፋይል፦ ሰላም ናችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። እንደተባለው ቁጭ ብያለሁ፣ ጠይቁ። ብዙ ዘመን ወጪ መጋራት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለ ዝውውርና ስለ ዲፓርትመንት ምርጫ አትጠይቁኝ፣ አልመልስም። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውላችሁን ኮፒ ያዙ። በስልክም ፎቶ አንሱት። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹኝ።

የሆጤዋ፦ ጋሼ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ አይደለም እንዴ? ወንድሜ ሲገባ አምስት ሳንቲም አልከፈልንም።

አባ ፋይል፦ በር ላይ አልከፈላችሁም። ያ ሌላ ነገር ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቀን ተማሪ ውል ይፈርማል። ምግቡና መኝታው ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው። ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶ ይሸፍናል። ቀሪውን የሚከፍለው መንግሥት ነው ይባላል። መንግሥት ማለት እናትሽ ናት፣ ሳሙና ስትገዛ ቫት የምትከፍለው። ተማሪው ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቆረጠ እስከ 15 ዓመት ድረስ ይመልሳል። ወለድ የለውም። ወንድምሽ ፈርሟል። ወረቀቱን የት እንዳደረገው ዛሬውኑ ጠይቂው።

ጦሳ ሥር፦ ታዲያ ነፃ ይሁን ወይስ አይሁን? አጭር መልስ ይስጡን።

አባ ፋይል፦ ለማን?

ጦሳ ሥር፦ ለሁሉም።

አባ ፋይል፦ ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

ቦርከና፦ ጀርመን ነፃ ነው እኮ! እኛ ምን ይጎድለናል?

አባ ፋይል፦ ጀርመን ነፃ ነው፣ እውነት ነው። የመጨረሻው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 ክፍያውን አነሳ። ግን ጀርመናዊ ከደመወዙ ስንት ግብር እንደሚቆረጥበት ጠይቅና ተመለስ።

ቦርከና፦ እንግሊዝስ?

አባ ፋይል፦ እ.ኤ.አ. በ1998 በ1,000 ፓውንድ ጀመሩት። በ2012 ጣሪያው 9,000 ደረሰ። “ትንሽ ይክፈሉ” የምትሉ ሰዎች ይቺን ያዙልኝ።

ሰኞ ገበያ፦ ኦሪጅናል ዲግሪዬን አልሰጥም አሉኝ። ምን ላድርግ?

አባ ፋይል፦ የት ተማርክ? መቼ ተመረቅክ? ተቀጥረሃል? የተቆረጠብህ አለ? ምንም ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስ? ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ማስረጃ) ይሰጥሃል፣ ኦሪጅናሉ ዕዳው ሲዘጋ ነው። እስከ ዛሬ የተቆረጠብህን ከመሥሪያ ቤትህ አጽፈህ ገቢዎች ያረጋግጥልህ። ከዚያ ወደ ሬጅስትራር። ውሉ በእጅህ አለ?

ሰኞ ገበያ፦ የለኝም።

አባ ፋይል፦ እንግዲህ።

ኤክስቴንሽን፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። በክሬዲት ሀወር እየቆጠሩ ያስከፍሉኛል። ካልከፈልኩ ምዝገባ የለም። የእኔ ነገርስ እንዴት ነው?

አባ ፋይል፦ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው። ደመወዝህ እጅህ ከመግባቱ በፊት ግብር ተቆርጦበታል። በዚያ ግብር የቀን ተማሪው ይማራል። በቀረችህ ደግሞ ማታ የራስህን ትከፍላለህ፣ ያውም አስቀድመህ፣ ገና ሳትመረቅ። የቀን ተማሪው የሚከፍለው ሥራ ካገኘ በኋላ ነው፣ ካገኘ። አስተማሪው ያው፣ ክፍሉ ያው፣ ዲግሪው ያው።

እና “ነፃ ይሁን” የሚል ሰው ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የቀኑ ብቻ ነው ወይስ የማታውም? የቀኑን ብቻ ነፃ ካደረግን፣ ውጤት ላመጣው ስጦታ፣ ላላመጣው ሂሳብ ላክን ማለት ነው። ውጤት የሚያመጣው ማነው ታዲያ? በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አስጠኚ የተቀጠረለት የከተማ ልጅና ከደላንታ ገጠር በእግሩ ሲመላለስ የኖረው እኩል ተዘጋጅተው አልተቀመጡም።

የእኔ አቋም ይኼ ነው፦ በር ላይ ማንም አይክፈል፣ የማታውም ጭምር። ተመርቆ ደህና ገቢ ያገኘ ይመልስ። ብዙ ያገኘ ብዙ ይቆረጥበት። ያላገኘውን አትንኩት። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ እንዲህ ነው የምትሠራው፣ ከተወሰነ ገቢ በታች ያለ ሰው አይቆረጥበትም። እኛ ጋ ሕጉ ሩቅ አይደለም። የጎደለን ሰብሳቢው ነው።

ጦሳ ሥር፦ ማታ የሚማረው እኮ ውጤት ስላላመጣ ነው። ያመጣ ይማር፣ ያላመጣ ይክፈል። ምን ችግር አለው?

ኤክስቴንሽን፦ ወንድሜ፣ በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ 12ኛ ክፍል ነበርኩ። ስሸሽ የያዝኩት እናቴን ነው፣ ደብተር አልያዝኩም።

ጦሳ ሥር፦ እሱስ ሁላችንም ሸሽተናል።

የሆጤዋ፦ ሁላችንም? መኪና ያለው ነው ቀድሞ የወጣው። እኛ በእግራችን ነበርን።

ቦርከና፦ ኧረ ወደ ርዕሱ ተመለሱ!

አባ ፋይል፦ ርዕሱ እሱው ነው። በጨዋ ደንብ ይሁን እንጂ ቀጥሉ።

ሙጋድ፦ በገንዘብ ከሚመለስ በአገልግሎት ቢመለስስ? ተመራቂው ገጠር ወርዶ ያስተምር፣ ያክም።

አባ ፋይል፦ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ያገለግል ነበር። አብዛኛው ገጠር ወርዶ አስተማረ። ገበሬውን አይቶ የተመለሰው ተማሪ ምን ይዞ እንደመጣ ታሪኩን ታውቃላችሁ። አሁንም ቢሆን መምህር የሆነ ሰው ዕዳውን በአገልግሎት እንዲመልስ ደንቡ ይፈቅዳል። መምህራን ይህን መብት ሳያውቁ ሲቆረጥባቸው አይቻለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦ ሰላም፣ ኦሪጅናል ዲግሪ ለመውሰድ ምን ያስፈልጋል?

አባ ፋይል፦ ከላይ አለ። ወደ ላይ ወጥታችሁ አንብቡ እንጂ!

የኮምቦልቻው፦ ዘንድሮ የሚገባ ልጅ ስንት ዕዳ ይዞ ይወጣል?

አባ ፋይል፦ ይኼ ጥያቄ ነው። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ምግቡ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው ብያችኋለሁ። አሥር ወር አስሉት። በ22 ብር 6,600 ነበር፣ በ100 ብር 30,000 ይሆናል። በአራት ዓመት 120,000፣ ምግቡ ብቻ። ደመወዙ 10,000 ብር ነው እንበል። በወር 1,000 እየተቆረጠበት አሥር ዓመት ይከፍላል።

የድሮዎቹን ደግሞ ተመልከቱ። ወለድ ስለሌለው፣ በ2000 ዓ.ም. የተፈረመ ዕዳ ብሩ ሲወርድ አብሮ ወርዷል። ዛሬ በአንድ ወር ደመወዛቸው የሚዘጉት ሰዎች አሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው “ተማሪ ወጪውን ይሸፍን” የሚሉት እነሱ ናቸው።

ጦሳ ሥር፦ የአጎቴ ልጅ ተመርቆ ዱባይ ነው። ሳንቲም አልከፈለም።

አባ ፋይል፦ አይከፍልማ። ገንዘቡ የሚቆረጠው በአሠሪ በኩል ነው። አሠሪው እዚህ ከሌለ ማን ይቆርጣል? የራሱን ሱቅ የከፈተውም እንደዚያው ያመልጣል። በየወሩ የሚከፍለው ደመወዝተኛው ብቻ ነው። ሰብሳቢው ጎድሏል ያልኩት ይህን ነው።

ጦሳ ሥር፦ እሱ እኮ ለቤተሰቡ ብር ይልካል፣ አገርም ይጠቀማል።

ኤክስቴንሽን፦ እኔም ለቤተሰቤ እልካለሁ። የእኔ ክፍያ ግን አልተተወልኝም።

የሰላም እናት፦ ጋሼ ይቅርታ፣ 120,000 ሲሉ ደነገጥኩ። ልጄ ዘንድሮ ደርሷታል። ጊደሯን ልሸጥ ነው እንዴ?

አባ ፋይል፦ ኧረ እህቴ፣ ጊደሯን እንዳይነኩ! በር ላይ የሚከፍሉት የለም። ለመሳፈሪያ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለአንሶላና ለሳሙና የሚሆን ይያዙላት፣ ለደብተርና ለፎቶ ኮፒም ትንሽ። ሌላው ሥራ ስትይዝ ነው። አንድ ነገር ይንገሯት፦ ነን ካፌ ሆና፣ ማለትም ግቢው ካፌ ሳትበላ፣ የምግቡን ብር በካሽ ብትቀበልም ያው ዕዳዋ ላይ ይጻፋል። ብሩ ነፃ መስሏቸው የሚጨርሱት ብዙ ናቸው። ውሉን ስትፈርም ደግሞ...

የሰላም እናት፦ ፎቶ ታንሳው። ገብቶኛል።

አባ ፋይል፦ እርስዎ ብቻ ነዎት የሰሙኝ፣ ወላሂ።

ሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ የእኔ ኦሪጅናል ነገርስ?

አባ ፋይል፦ ነገ ጠዋት ገቢዎች ሂድ። መታወቂያህንና ቲን ነምበርህን ይዘህ።