ፖሉን ሳይሆን ዴሊጌቱን ቁጠሩ፦ ስለ አሜሪካ ፕራይመሪ ለጠየቃችሁኝ

የፕሬዚዳንት ፕራይመሪ (ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት ምርጫ) በመጣ ቁጥር «እገሌ በአገር አቀፍ ፖል (የመራጮች አስተያየት መጠይቅ) እየመራ ነው፣ በቃ አለቀ» ሲባል እሰማለሁ። አላለቀም። ዕጩውን የሚያስመርጡት ዴሊጌቶች፣ ማለትም በፓርቲው ጉባኤ ድምፅ የሚሰጡ ልዑካን ናቸው።

ጥያቄ፦ በፖል በሰፊው የሚመራ ሰው እንዴት ይሸነፋል?

አገር አቀፍ ፕራይመሪ የሚባል ነገር ስለሌለ ነዋ! ድምፁ የሚሰጠው በየግዛቱ፣ በተለያየ ቀን ነው። በ2007 መጨረሻ ሂላሪ ክሊንተን ኦባማን በሰፊው ትመራ ነበር። ጃንዋሪ 3 ቀን 2008 ኦባማ አይዋን ወሰደ፣ ውድድሩም መልኩን ቀየረ። ሩዲ ጁሊያኒም በሪፐብሊካኖቹ ፖል ለወራት ሲመራ ከርሞ፣ የመጀመሪያዎቹን ግዛቶች ትቶ ፍሎሪዳን ጠበቀ። እዚያ ሦስተኛ ወጣ፣ በማግስቱ ከውድድሩ ወጣ።

ጥያቄ፦ 12 በመቶ ያለው ዕጩ ስንት ዴሊጌት ያገኛል?

በዴሞክራቶች ዘንድ ምንም ላያገኝ ይችላል። በግዛቱ ወይም በምርጫ ወረዳው 15 በመቶ ያልሞላ ከዚያ ድርሻ የለውም። አንዱ 40፣ ሌላው 30፣ ሦስት ሰዎች ደግሞ አሥር አሥር ቢያገኙ፣ ዴሊጌቱን የሚካፈሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ 57 ለ43 ያህል። ስለዚህ ፖል ስታዩ መጀመሪያ ማን ከ15 በላይ እንደሆነ እዩ።

ጥያቄ፦ ሪፐብሊካኖቹስ?

እዚያ ሕጉ እንደየግዛቱ ነው። በ2016 ትራምፕ ሳውዝ ካሮላይና ላይ ከድምፁ ሲሶ ያህል አግኝቶ 50ውንም ዴሊጌት ጠቅልሎ ወሰደ።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ግዛቶችን ያሸነፈ አሸናፊ አይሆንም?

ይሄ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ2008 ሂላሪ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የመረጠባትን ኒው ጀርዚን 59 ለ48 አሸነፈች፣ ትርፏ 11 ዴሊጌት። ኦባማ ትንሿን አይዳሆን 15 ለ3 አሸነፈ፣ ትርፉ 12። ቴክሳስ ላይማ ፕራይመሪውን ያሸነፈችው እሷ ሆና፣ ካውከሱ (መራጮች ተሰብስበው የሚመርጡበት ስብሰባ) ሲደመር በዴሊጌት 99 ለ94 የበለጠው እሱ ነው። የኦባማ ሰዎች ሌሎች የናቋቸውን የካውከስ ግዛቶች በጊዜ አደራጅተው ነበር፣ ለእኔ የዚያን ዓመት ውጤት የወሰነው ይህ ማደራጀት ነው። ዴሊጌት በድምፅ ድርሻ ሲከፋፈል፣ አንዴ የቀደመን ሰው 52 ለ48 እያሸነፉ መድረስ በጣም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፖል ዋጋ የለውም?

አለው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባችሁ። በ2020 ባይደን አይዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ወጣ። ብዙዎች ተስፋ ቆረጡበት። ግን ጥቁር መራጮች ዘንድ የነበረው ድጋፍ ጠንካራ ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ሳውዝ ካሮላይናን አሸነፈ፣ ተፎካካሪዎች እየወጡ ደገፉት፣ ከሦስት ቀን በኋላ በሱፐር ቱዝደይ (ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት ማክሰኞ) ከ14 ግዛቶች 10ሩን ወሰደ።

ጥያቄ፦ እኛ ሐበሾች እዚህ ውስጥ ድርሻ አለን?

በደንብ! በወረዳ ደረጃ ጥቂት ድምፅ አንድ ዴሊጌት ሊያዞር ይችላል። ዜግነት ግን ግድ ነው፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ እንዳትሞክሩት። ቨርጂኒያ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ የለም፣ ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ፕራይመሪ መርጣችሁ ትገባላችሁ። ሜሪላንድ ግን የምትመርጡት የተመዘገባችሁበትን ፓርቲ ብቻ ነው። የመቀየሪያው ቀነ ገደብ ከምርጫው ቀን ቀድሞ ስለሚያልፍ ምዝገባችሁን አሁኑኑ እዩት።