ስለ ቮሶሪታይድና ስለ ረጅሙ ክትትል ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜልበርን የሕፃናት ነርስ ነኝ። በአኮንድሮፕላዝያ (በጂን ለውጥ አጥንት በሚገባ ባለመርዘሙ ቁመት የሚያጥርበት ሁኔታ) የተወለዱ ልጆችን እከታተላለሁ። ለነዚህ ልጆች ስለሚሰጠው ቮሶሪታይድ ስለሚባል መርፌ ብዙ ወላጆች ለብቻ ስለጻፉልኝ እዚሁ ልመልስ። የመድኃኒት መጠን ግን አትጠይቁኝ፤ ያላየሁትን ልጅ መጠን አልናገርም።

የናቲ እናት፦ ሲስተር፣ መርፌው እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። በነዚህ ልጆች ኤፍጂኤፍአር3 የሚባለው ጂን አጥንት እንዳይረዝም ከልክ በላይ ይገታል። ቮሶሪታይድ ያንን ግታት ያላላል። በየቀኑ ከቆዳ ሥር ይወጋል። በዋናው ሙከራ 121 ልጆች ገቡ። ግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን፣ የቀሩት መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ መርፌ ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ማን የቱን እንደሚወስድ ወላጅም ሐኪምም አያውቅም ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት በዓመት በአማካይ 1.57 ሴንቲሜትር በልጠው አደጉ። ይህ የአንድ ዓመት ፍጥነት ነው። የመጨረሻ ቁመት አይደለም።

ዳላስ፦ አሜሪካ ፈቅዳው የለ? ታዲያ የምን ጥናት ነው?

መልስ፦ በ2021 ከ5 ዓመት ጀምሮ፣ በ2023 ደግሞ ከዚያ በታች ላሉትም ፈቀደች። ግን ያኔ የተሰጠው የተፋጠነ ፈቃድ ነው፤ የታየውም የእድገት ፍጥነት እንጂ የመጨረሻ ቁመት አይደለም። ረጅሙ ክትትል ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የሙከራው ዓመት ሲያልቅ ማስመሰያ ይወስዱ የነበሩትም መድኃኒቱን ጀመሩ። ልክ ነው፤ ልጅን ለዓመታት በከንቱ መውጋት አይገባም። ግን ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን የሚነጻጸር ቡድን የለም። ማነጻጸሪያው ካልታከሙ ልጆች የተመዘገበ የእድገት መረጃ ነው። ስለዚህ ልኬቱ ከተዛባ ሁሉም ይዛባል። የአንድ ልጅ ቁመት ጠዋትና ማታ ይለያያል። ጉልበቱን ትንሽ ካጠፈ ወይም ሹሩባው ከፍ ካለ ቁጥሩ ተበላሸ። 1.57 ሴንቲ ለምንፈልግ ሰዎች ግማሽ ሴንቲ ስሕተት ከባድ ነው። ቁመት ብቻም አይበቃም። የእጅና የእግር ምጣኔው ተሻሻለ ወይ? አከርካሪው ውስጥ ያለው ጥበትስ? ልጁ ያለ ሰው እርዳታ ይታጠባል? ይህ የዓመታት ሥራ ነው።

የሸገር ልጅ፦ የእድገት ሆርሞንስ?

መልስ፦ በአኮንድሮፕላዝያ የጎደለ ሆርሞን የለም። ጃፓን ለዚህ ፈቅዳዋለች፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው።

አባወራው፦ ልጅ እግዜር እንደፈጠረው ይኑር! እኔም አኮንድሮፕላዝያ አለብኝ፣ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። ደረጃውና ታክሲው ይስተካከልልን።

የናቲ እናት፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ሌሊት ትንፋሹ ሲቆም አይተው ያውቃሉ?

አባወራው፦ አይቻለሁ። እሱን ሐኪም ያየዋል። የዓመታት መርፌ ግን ልጁ ራሱ የመረጠው አይደለም።

ዳላስ፦ ክትባትም አልመረጠም እኮ።

መልስ፦ በቃ፣ እዚህ ላይ ይቁም። ጋሼ ያሉትን ብዙ አዋቂዎች ይላሉ፤ ልክም ናቸው። ልጁ ከፍ ሲል ይጠየቅ፤ «በቃኝ» ካለ ይሰማ። የናቲ እናት፣ አንቺ ያነሳሽው ደግሞ ከቁመት ይቀድማል። ከራስ ቅል ሥር ያለው ቀዳዳ ሲጠብ ሕፃን በእንቅልፉ ሊሞት ይችላል። የእንቅልፍና የአንገት ምርመራ አስቀድሙ። ደግሜ እላለሁ፣ አስቀድሙ።

ሀዋሳ፦ ልጄ አያድግም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ማን መረመረው? ያጠረ ልጅ ሁሉ አኮንድሮፕላዝያ የለበትም። ሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው።

እንግዳ፦ እኔም ባሌም ረጅም ነን። የሱ ቤተሰቦች እኔን ይወቅሳሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋት የለብሽም። ከአምስቱ አራቱ ልጆች መካከለኛ ቁመት ካላቸው ወላጆች ነው የሚወለዱት። ለውጡ በዘር ሕዋስ ላይ በአጋጣሚ ይመጣል። ይህን ለአማትሽ አንብቢላቸው።

ጎላ፦ ልጄ ስንት ሴንቲ ይደርሳል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ማንም አያውቅም።

ሪያድ፦ መድኃኒቱን ከውጭ በሰው እጅ ላስልከው?

መልስ፦ እንዳታደርጊው! መጠኑ በክብደት ይወሰናል። ከመርፌው በኋላ የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል ልጁ ቀድሞ መብላትና መጠጣት አለበት። የአጥንቱ ማደጊያ ከተዘጋ ደግሞ መርፌው ምንም አይጨምርለትም፤ ይህ የሚታየው በራጅ ነው። የሚከታተል ሐኪም ከሌለ አይጀመርም።