የአንዱ ክልል ዋጋ ከሌላው ለምን ይለያያል? ስለ ዋጋ ግሽበት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ስለ ሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ (ሸማቹ የሚገዛቸው ነገሮች ዋጋ በጊዜ ሂደት ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳይ ቁጥር ነው) እና በየክልሉ ስለሚታየው የዋጋ ለውጥ ጥያቄ ያላችሁ እንድትልኩ ባሳሰብሁት መሠረት ከብዙ አቅጣጫ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ። የዋጋ መረጃን በመተንተን ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ስለቆየሁ የምመልሰውም በዚያው በኩል ነው። ዋጋ ነገ ምን ይሆናል ለሚለው ትንበያ ግን በዚህ መድረክ አልገባም።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ የዋጋ ግሽበት ቀነሰ ሲባል በተደጋጋሚ እንሰማለን። እኔ ግን ከዘይትም ከሳሙናም ዋጋው የቀነሰ አንድ ዕቃ አላየሁም። ታዲያ የቀነሰው ምንድን ነው?

መልስ፦ የቀነሰው ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። የአገሪቱ አጠቃላይ ዓመታዊ ግሽበት በሰኔ 2014 ወደ 34 በመቶ፣ በሰኔ 2015 ወደ 29፣ በሰኔ 2016 ወደ 20፣ በሰኔ 2017 ደግሞ ወደ 14 በመቶ ገደማ ነበር። እንግዲህ በሰኔ 2013 በ100 ብር ይገዛ የነበረ የዕቃ ስብስብ ከዓመት በኋላ 134፣ ቀጥሎ 173፣ ቀጥሎ 207፣ በመጨረሻም 236 ብር ገደማ ሆነ ማለት ነው። መቶኛው ከ34 ወደ 14 ወርዷል፤ ብሩ ግን አንድም ዓመት ወደ ኋላ አልተመለሰም። በዚህ ላይ የመጨረሻው 14 በመቶ የተሰላው በ207 ብር ላይ ስለሆነ በዚያ ዓመት የተጨመረው 29 ብር ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት 34 በመቶ ደግሞ 34 ብር ነበር። ዜናው ግሽበቱ ከግማሽ በታች ወረደ ሲል፣ ከኪስዎ የሚወጣው ጭማሪ ከ34 ወደ 29 ብር ብቻ ነው የወረደው። ስለዚህ ዜናው የሚለውና እርስዎ በገበያ የሚያዩት ሁለቱም ልክ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ፦ የክልሎችን ኢንዴክስ ሳነጻጽር የአንዱ ከተማ ቁጥር ከሌላው ይበልጣል። ቁጥሩ የሚበልጠው ከተማ ኑሮው የበለጠ ውድ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ይህ አለመግባባት በተማሩ ሰዎች ዘንድ እንኳ ስለሚደጋገም ረዘም አድርጌ ልመልሰው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ለዓመታት ሲጠቀምበት የቆየው ኢንዴክስ መነሻው ታኅሣሥ 2009 ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ክልል የዚያ ወር ዋጋ 100 ተብሎ ተቀምጧል። በዚያ ወር ዋጋው በሁሉም ቦታ እኩል ነበር ማለት ግን አይደለም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በአንዱ ከተማ 10 ብር፣ በሌላው 16 ብር ነበር እንበል። ሁለቱም 100 ተባሉ። ዛሬ በመጀመሪያው ከተማ 40 ብር ቢሸጥ ኢንዴክሱ 400 ይሆናል፤ በሁለተኛው 56 ብር ቢሸጥ ኢንዴክሱ 350 ነው። ኢንዴክሱ ከፍ ብሎ የሚታየው ሽንኩርቱ የሚረክስበት ከተማ ነው።

ኢንዴክሱ አንድን ቦታ የሚያነጻጽረው ከራሱ ካለፈው ጊዜ ጋር ብቻ ነው። ሁለት ከተማን ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ተመሳሳይ ዓይነት፣ ተመሳሳይ መጠንና ተመሳሳይ ጥራት ያላቸውን ዕቃዎች አማካይ የችርቻሮ ዋጋ በብር ማየት ይኖርበታል። በየክልሉ ያለውን ኑሮ አስመልክቶ የሚጻፈው ብዙው ነገር ይህን ልዩነት ስለማይጠብቅ፣ ርካሽ የሆነው ቦታ ውድ፣ ውድ የሆነው ርካሽ እየተባለ ሲነገር መስማት በጣም ያሳዝነኛል፤ በዚህ ተመሥርቶ ሥራ ቀይሮ ከተማ የሚለቅ ሰው አለና።

ጥያቄ፣ ከጅግጅጋ፦ በአንድ አገር፣ በአንድ ገንዘብ እየተገበያየን የኛ አካባቢ ዋጋ ከሌላው ክልል ጋር አብሮ የማይወጣውና የማይወርደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ መነሻው እያንዳንዱ አካባቢ የሚበላው ነገር መለያየቱ ነው። በጅግጅጋና በአካባቢው ሩዝ፣ ፓስታና የስንዴ ዱቄት በየቀኑ ከማዕድ የማይጠፉ ሲሆኑ፣ ከነዚህ ብዙው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከፊሉም ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ይደርሳል። በደብረ ማርቆስ ደግሞ ጤፉ የሚመጣው ከዙሪያው ወረዳዎች ነው። ስለዚህ ዶላር ሲወደድ እናንተ ዘንድ የሩዙ ዋጋ ወዲያው ይሰማዋል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ግን የዶላሩ ጫና የሚደርሰው ዘግይቶ፣ በማዳበሪያና በነዳጅ በኩል ዞሮ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ወይም መኸሩ ሲበላሽ ነገሩ ይገለበጣል።

ሁለተኛው መንገድ ነው። የነዳጅ ዋጋ ራሱ ከጅቡቲ ባለው ርቀት ምክንያት በየከተማው ይለያያል፤ መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሣ ሲመጣ ጭማሪው ከዋናው መስመር ርቀው የሚገኙ ከተሞችን ይበልጥ ነክቷል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አንዱ ምክንያት በሁለት ቦታ ሁለት ተቃራኒ ውጤት ያመጣል። አምራቹ አካባቢ እህሉ መውጫ አጥቶ ዋጋው ይወርዳል፤ ተቀባዩ ከተማ ላይ እህሉ ጠፍቶ ዋጋው ይንራል። ሁለቱ በአገር አቀፍ አማካይ ውስጥ ሲደመሩ ከፊሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ለውጥ ይታያል፣ በሁለቱም ጫፍ ግን ከባድ ጉዳት አለ።

አማካዩ ራሱ ቢሆን ሁሉንም ክልል እኩል አይቆጥርም። ክብደቱ የሚሰጠው በነዋሪው የፍጆታ ወጪ ልክ ስለሆነ ኦሮሚያና አዲስ አበባ ብዙውን ቦታ ይይዛሉ። ድርሻው አንድ በመቶ በሆነ ክልል ዋጋ በ50 በመቶ ቢጨምር አገር አቀፉ ቁጥር የሚነሣው በግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ሐረሪን፣ ጋምቤላን ወይም ቤኒሻንጉል ጉሙዝን የመሰለ ክልል ውስጥ የሚኖር ሰው አገር አቀፉ ግሽበት የራሱን ኑሮ እንዲነግረው መጠበቅ የሌለበት ለዚህ ነው። በእኔ እምነት በየወሩ በዜና አስቀድሞ መነገር ያለበት የክልሎቹ ዝርዝር ነበር።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ጎጃም ያሉ ዘመዶቼ ጤፍ ረከሰ ሲሉኝ እዚህ እህል በረንዳ ላይ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። እንጀራ ደግሞ ጭራሽ አይቀንስም። መሐል ላይ ማን ነው የሚወስደው?

መልስ፦ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ የሚያከማች ነጋዴና ያለ ሥራ የሚጠቀም ደላላ አለ፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ማንም ባይሰርቅ እንኳ ዋጋው እኩል አይወርድም። አንድ ኩንታል ጤፍ ከአደት ወይም ከደጀን ገበያ ተነሥቶ እስኪደርስዎ ድረስ ሰብሳቢው ነጋዴ መዝኖ ይረከበዋል፣ ጆንያ ይገዛለታል፣ ጫኝ ይከፈለዋል፣ መኪናው የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፣ በየኬላው ይቆማል፣ ከተማ ሲገባ አውራጅና ደላላ ይጠብቁታል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚቆረጠው በኩንታል ነው እንጂ ከጤፉ ዋጋ በመቶኛ አይደለም። ለምሳሌ ገበሬው በ10,000 ብር የሸጠው ጤፍ 2,000 ብር ወጪ ተጨምሮበት 12,000 ብር ገባ እንበል። ገበሬው ጋ ዋጋው በ20 በመቶ ወርዶ 8,000 ብር ሲሆን፣ የመጓጓዣው ወጪ ግን በነዳጅና በመለዋወጫ ምክንያት 2,300 ቢደርስ፣ እርስዎ ዘንድ 10,300 ብር ይሆናል፤ ቅናሹም 14 በመቶ ብቻ ነው። ገበሬው ሃያ አጥቶ ሸማቹ አሥራ አራት አገኘ።

እንጀራው ላይ ሲደርስ ጤፉ ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ይሆናል። ወፍጮ፣ የጋጋሪዋ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና መብራት አለበት። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ስለተደረገ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር ሴት ጤፍ ሲረክስ ዋጋ ብትቀንስ የምትከስርበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦ ጾምና በዓል በስሌቱ ውስጥ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ በወር ከወር ንጽጽር በጣም ይታያል፤ በዐቢይ ጾም ቅቤና እንቁላል ይቀዘቅዛሉ፣ ምስርና ዘይት ይፈለጋሉ። ዓመታዊው ንጽጽር ይህን በብዛት ያስተካክለዋል፤ ነገር ግን ፋሲካ ከቦታው ስለሚንቀሳቀስ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ስለዋለ የዶሮና የበግ ገበያው ግለት የወደቀባቸው ሳምንታት ተለያይተዋል። የሚያዝያን የሥጋና የቅቤ ዋጋ ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ጋር ሲያነጻጽሩ መጋቢትንና ግንቦትን አብረው ይመልከቱ።

ጥያቄ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፦ ለእናቴ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ። ብር ከተዳከመ ወዲህ የሚደርሳት ብር በዝቷል፤ እርሷ ግን የተለየ ነገር እንዳላየች ትነግረኛለች።

መልስ፦ እኅቴ፣ መልሱ ቀድሞ በምን መንገድ ይልኩ እንደነበር በሚለው ይወሰናል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ይሰጥ ነበር፤ በ2017 አጋማሽ ላይ ግን ወደ 130 ብር ደርሷል። በባንክ ይልኩ ከነበረ 11,400 የነበረው 26,000 ብር ሆኗል፤ የዋጋው ጭማሪ በዓመት ወደ 14 በመቶ ስለነበር የመግዛት አቅማቸው ወደ እጥፍ ተጠግቷል። በትይዩ ገበያ (ጥቁር ገበያ በሚባለው) ይልኩ ከነበረ ግን ያኔም አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነበር። በ110 ብር ብናሰላው 22,000 ብር ይደርሳቸው ነበር፤ ከ22,000 ወደ 26,000 ያለው ጭማሪ 18 በመቶ ሲሆን አብዛኛውን የዋጋ ንረቱ ይበላዋል። ብዙ አስመጪዎችም ዕቃቸውን ቀድሞውኑ በትይዩው ተመን ሲተምኑት ስለቆዩ ነው ባንኩ ተመኑን ሲለቅ የሸቀጥ ዋጋ በአንድ ጊዜ እጥፍ ያልሆነው።

ጥያቄ፣ ከጋምቤላ፣ መምህር፦ ደመወዛችን በመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ግን አንድ አይደለም። ይህ በግሽበት ስሌት አይታይም ወይ?

መልስ፦ በግሽበት ስሌት አይታይም፤ ምክንያቱም ከላይ እንዳልሁት ኢንዴክሱ ሁለት ቦታን አያወዳድርም። መስከረም 2018 ላይ በተደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሲያድግ ጭማሪው 26 በመቶ ነው፤ ይህም በዚያ ዓመት ከነበረው ግሽበት ይበልጣል። ካለፉት አራትና አምስት ዓመታት የተደማመረ ንረት ጋር ሲታይ ግን የተሸረሸረውን አይተካም። በቆላ አካባቢዎች የሚከፈለው የበረሃ አበል ደግሞ መነሻው የአየር ጠባዩ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ሳሙና፣ ስኳርና መድኃኒት ከአዲስ አበባ ተጭኖ በሚደርስበት ከተማ የሚያስተምር ሰው ተመሳሳይ ደመወዙ ያነሰ ነገር ይገዛለታል። አበሉ ከየከተማው የችርቻሮ ዋጋ ጋር ቢያያዝ ፍትሐዊ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋውም በየወሩ እየተሰበሰበ ነው።

ጥያቄ፣ ከመቀሌ፦ የጦርነቱ ዓመታት ዋጋ በመረጃው ውስጥ አለ?

መልስ፦ ከኅዳር 2013 በኋላ ከትግራይ የዋጋ መረጃ መሰብሰብ በመቋረጡ አገር አቀፉ ቁጥር ያለ ትግራይ ይሰላ ነበር። ባንክ ተዘግቶ፣ መንገድ ተዘግቶ ሕዝቡ ጨውና ዱቄት የገዛበት ዋጋ በዚያ አማካይ ውስጥ የለም። የእነዚያን ወራት አገር አቀፍ ቁጥር የሚጠቅስ ሁሉ ይህን አብሮ መጻፍ አለበት።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ የዳቦው ዋጋ ሳይጨምር ዳቦው ሲያንስስ?

መልስ፦ ዋጋ ሰብሳቢው ግራሙን ከመዘነና ከመዘገበ እንደ ዋጋ ጭማሪ ይቆጠራል። 100 ግራም የነበረ ዳቦ በዚያው ዋጋ 80 ግራም ሲሆን ጭማሪው 25 በመቶ ነው።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፣ ሌላ ጠያቂ፦ የራሴን ቤተሰብ ግሽበት ራሴ ማስላት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ደብተር ይበቃል። የወር ወጪዎ 20,000 ብር ነው እንበል፦ ኪራይ 7,000፣ ምግብ 9,000፣ ትራንስፖርት 2,000፣ ሌላው 2,000። ኪራዩ ባለበት ቆሞ ምግብ በ12፣ ትራንስፖርት በ25፣ ሌላው በ10 በመቶ ቢጨምር ወጪዎ የሚያድገው በ1,080፣ በ500 እና በ200 ብር፣ በድምሩ በ1,780 ብር ነው፤ ያም 8.9 በመቶ ይሆናል። አከራይዎ በዚያው ዓመት 3,000 ብር ቢጨምርብዎ ግን ድምሩ 4,780 ብር፣ ግሽበትዎም ወደ 24 በመቶ ይሆናል። ከላይ በጠቀስሁት አገር አቀፍ ኢንዴክስ ውስጥ ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ክብደት ስለተሰጠው፣ እንደ እርስዎ ከተማ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ሰው የኪራዩን ያህል ጫና በዚያ ቁጥር አያገኘውም። ስሌቱን ሲጀምሩ የኪራይ ውልዎ የሚታደስበት ወር እንዲገባበት ሙሉ አሥራ ሁለት ወር ይውሰዱ፤ ከዚያ ያነሰ ከወሰዱ ትልቁ ወጪዎ ከስሌቱ ውጭ ሊቀር ይችላል።