ሕፃን ብቻውን አይታመምም

ልጆቼ፣

ነርስ ሆናችሁ ወደ ሕፃናት ክፍል ተመድባችሁ ስትመጡ የሚያስፈራችሁን አውቃለሁ። ከቀጭን ክንድ ላይ ደም ሥር ማግኘት፣ መድኃኒት በኪሎ ማስላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ የሚመጣ ሕፃን መቀበል። እነዚህን በልምድ ትችሏቸዋላችሁ፤ አጠገባችሁ ቆሞ የሚያሳያችሁም አይጠፋም። እኔ የምጽፍላችሁ ማንም ቁጭ አድርጎ ስለማያስተምረው ጉዳይ ነው። ልጁን ማረጋጋት፣ እውነቱን መንገርና ቤተሰቡን ከአጠገቡ አለማራቅ በብዙ ክፍሎች ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ በጎ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ልጆችን ይጎዳል። እናቱ አጠገቡ ያለች ልጅ መድኃኒቱን ይውጣል፣ ትንፋሹ በትክክል ይቆጠራል፣ ሕመሙ ሲብስ ቶሎ ይታወቃል፣ ቤቱ ሲገባም ሕክምናው አይቋረጥም። ስለዚህ የሕክምናው አካል ነው ብላችሁ ያዙት።

«እናትየዋን ውጪ በሏትና ቶሎ እንጨርስ» የሚለውን ንግግር ገና በመጀመሪያው ሳምንታችሁ ትሰሙታላችሁ። ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ቻርልስ ዌስት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ውስጥ 10 አልጋ ያለው የሕፃናት ሆስፒታል ከከፈተ በኋላ ለልጆች ብቻ የተዘጋጁ ሆስፒታሎች በየአገሩ ተስፋፉ። ለሕፃናት ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን ሆስፒታሉ ሥርዓት እየያዘ ሲሄድ ወላጅ ተላላፊ በሽታ የሚያስገባ፣ ልጁንም የሚረብሽ ሰው ተደርጎ መታየት ጀመረ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን የሚያየው በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ ልጁ ወላጆቹ ሲሄዱ ስለሚያለቅስ ባይመጡ ይሻላል የሚል ነበር።

ከሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ጆን ቦውልቢ ጋር በለንደኑ ታቪስቶክ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ጄምስ ሮበርትሰን እነዚህን ልጆች ቁጭ ብሎ ተመለከታቸው። ሦስት ደረጃ አየ። መጀመሪያ ልጁ ይቃወማል፦ ይጮኻል፣ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም፣ የቀረበውን ሁሉ ይገፋል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፦ ለቅሶው ይቀንሳል፣ ምግብ ይተዋል፣ ጥግ ይይዛል። በመጨረሻ ይርቃል፦ ይጫወታል፣ ለመጣው ነርስ ሁሉ ይስቃል፤ እናቱ ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞራል። በዚያ ዘመን የነበሩ ባለሙያዎች ይህን ሦስተኛውን ሲያዩ ልጁ ክፍሉን ለመደ ብለው ይደሰቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በሰር ሃሪ ፕላት የተመራው የእንግሊዝ ኮሚቴ ወላጆች ያለ ገደብ እንዲጠይቁ፣ የትንንሽ ልጆች እናቶችም አብረው እንዲያድሩ መከረ። ምክሩ በወረቀት ላይ ሰፍሮ እንኳ በየክፍሉ ለመግባት ብዙ ዓመት ፈጅቷል። እኔም እስከ ዛሬ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እናቱ ከሄደች ወዲህ አንዴም አላለቀሰም» ሲሉ ስሰማ ሐሳብ ይገባኛል። እንዲህ ያለውን ልጅ፣ በተለይ ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሆነ፣ ሄዳችሁ እዩት።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሕፃን ግን ሳይሸሽግም ሊነግራችሁ አይችልም፤ የሚነግሯችሁ አካሉና እናቱ ናቸው። አካሉ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ይታገላል። ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ልቡ እየፈጠነ፣ እጅና እግሩ እየቀዘቀዘ የደም ግፊቱን ይዞ ይቆያል፤ ግፊቱ እስኪወርድ ከጠበቃችሁ በጣም ዘግይታችኋል። ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ሐኪም ጥሩ። ሲጮኽ የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ካለም ተኛ ብላችሁ አትለፉ፤ ቀስቅሱት። እናቱ «ዛሬ ልጄን አላውቀውም» ካለቻችሁ ቃሏን እንዳለ ቻርቱ ላይ ጻፉትና ልጁን እንደገና መርምሩ። እናንተ ያያችሁት ዛሬ ነው፤ እሷ ግን ጤነኛ ሲሆን እንዴት እንደሚያይ፣ እንዴት እንደሚጠባ፣ ለቅሶው ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

ትንፋሽ መቁጠርን ልንገራችሁ፤ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ይበላሻል። ወደ ሕፃኑ ስትቀርቡ ቴርሞሜትሩን፣ ስቴቶስኮፑን፣ ሚዛኑን ሁሉ ተዉት። እናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ቢቻል ተኝቶ ወይም ተረጋግቶ ሳለ፣ ልብሱን እሷው ቀስ ብላ ትግለጠው። እናንተ ሳትነኩት ደረቱንና ሆዱን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አታባዙ፤ የትንሽ ሕፃን አተነፋፈስ ወጥ አይደለም። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ላይ የተቆጠረ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ከእናቱ ነጥቃችሁ አልጋ ላይ ካስተኛችሁት ደግሞ ማልቀሱ አይቀርም።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። የአራት ዓመት ልጅ ካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ የመድኃኒት መስጫ ቀጭን ቱቦ፣ ይገባለታል እንበል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሁለት ሰው እግሩን፣ አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ በጀርባው ያስተኙታል፤ አንዷ «አያምም»፣ ሌላዋ «ጎበዝ»፣ ሦስተኛዋ «አታልቅስ» ይላሉ። እናቱ ከበሩ ውጪ ድምፁን እየሰማች ታለቅሳለች። ሌላ መንገድ አለ። የሚቻል ከሆነ ሥራው ከአልጋው ርቆ በሌላ ክፍል ይሠራ፤ አልጋው ማንም የማይወጋበት ቦታ ሆኖ ይቅርለት። እናቱ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ልጁ ደረቱን ከደረቷ አድርጎ ይቀፋት፣ አንድ እጁ ብቻ በጎኗ ወጥቶ ትራስ ላይ ይረፍ። ዕቃውን ሁሉ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ልጁ በጉጉትና በፍርሃት ተቀምጦ እናንተ ፕላስተር የምትፈልጉ አትሁኑ። የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። «እጅህን ጠበቅ አድርጌ አስረዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነገር እቀባሃለሁ፣ ከዚያ ይወጋሃል፤ ያምማል፣ እስከ አሥር ስንቆጥር ይቀንሳል። ማልቀስ ትችላለህ፤ እጅህን ብቻ አታንቀሳቅስ።» የማደንዘዣ ቅባት ካላችሁ አስቀድማችሁ ቀቡት፤ ለብዙዎቹ አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልሆነላችሁ ደግሞ ሌላ ሰው ጥሩ።

«ልውጋህ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁት። እምቢ ቢላችሁ መውጋታችሁ ስለማይቀር ጥያቄው ውሸት ይሆናል። በምትኩ ሊመርጥ በሚችለው ላይ አስመርጡት፦ ቀኝ ወይስ ግራ፣ እያየ ወይስ ፊቱን አዙሮ፣ እናቱ ትቁጠር ወይስ እሱ። «አያምም» የሚለውን ቃል ደግሞ ፈጽሞ አትናገሩ። ልጁ አንድ ጊዜ ከተታለለ ቀጥሎ የሚመጣውን ነርስ፣ ሐኪሙን፣ ቴርሞሜትሩን ጭምር አያምንም፤ ነገ ተረኛ የሆነችው ባልደረባችሁ የእናንተን ውሸት ዕዳ ትከፍላለች። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽታ የጥፋታቸው ቅጣት እንደሆነ ያስባሉ። ወንድሜን ስለመታሁት ነው የታመምኩት ብሎ በሆዱ የያዘ ልጅ ስንት እንደሆነ ብታውቁ ትደነግጣላችሁ። አዋቂ ሰው «ካልበላህ መርፌ ትወጋሃለች» ሲል ብትሰሙ በትሕትና አስቁሙት፤ ለልጁም መርፌው ለመዳን እንጂ ለቅጣት እንዳልሆነ ግልጽ አድርጉለት። ለቀዶ ሕክምና የሚገባውንም «እናስተኛሃለን» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። እንደ ሌሊቱ እንቅልፍ እንዳልሆነ፣ የሚያስተኛው ሐኪም እስከ መጨረሻው አጠገቡ ሆኖ እንደሚያነቃው ጨምሩለት፤ አለዚያ ማታ ማታ መተኛት ይፈራል።

መናገር የማይችሉትስ? ሕፃናት እንደ አዋቂ ሕመም አይሰማቸውም የሚለው እምነት ሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ጨቅላዎች በቂ ማስታገሻ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ሐኪሙ ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ጠንካራ ማስታገሻ ያገኙት አካላቸው በጣም ያነሰ ጭንቀት እንዳሳየ፣ ከዚያም በኋላ የገጠማቸው ችግር ያነሰ እንደነበረ አሳዩ። ስለዚህ ሕመምን እንደ ሙቀት ለኩት። ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውንና ሲያባብሉት መረጋጋቱን አይታችሁ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ትሰጣላችሁ፤ ድምሩ ከ10 ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሕመሙ በዝቷል ማለት ነው። ለጨቅላ ሲወጋ ጡት መጥባት፣ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ መታቀፍ ሕመሙን በእርግጥ ይቀንሳል። ታዲያ እናቱን ውጪ ስትሏት ያስወጣችሁት ማስታገሻውን ነው።

ቤተሰብን ማሳተፍ ማለት ግን ሥራችሁን ለእናት ማስተላለፍ ማለት አይደለም። ይህን በአጽንኦት እላለሁ፤ ምክንያቱም ነርስ ባነሰበት ክፍል «አስታማሚ አለ» ተብሎ ማጠቡም፣ በቱቦ መመገቡም፣ ሌሊት ጉሉኮሱን መጠበቁም በእናት ላይ ይወድቃል። ምን ማድረግ እንደምትፈልግ ጠይቋት፤ የፈለገችውን አስተምሯት፤ ያልቻለችውን እናንተ ሥሩት፤ ኃላፊነቱ ሁልጊዜ የእናንተ ነው። ቤት ሌሎች ልጆች ስላሏት ማደር ያልቻለችውንም አትውቀሷት። መቼ እንደምትመለስ ለልጁ ሊገባው በሚችል ነገር ንገሩት፤ ከምሳ በኋላ ማለት ይገባዋል፣ ስምንት ሰዓት ማለት አይገባውም። ሳይሰናበቱ ሹልክ ብሎ መሄድን ግን አትፍቀዱ፤ ቢያለቅስም ያለቅሳል እንጂ አይታለልም። አባትም ከመጣ ወንበር ስጡት፤ ሲነገርም እሱንም እዩት።

አሥራዎቹ ውስጥ ለገቡት ነገሩ ይለወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብት ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲሰጥ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲያገኝ ይላል። ለአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ይህ ማለት ወላጆቿ ውጪ የሚጠብቁባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ለሁሉም የምናደርገው ነው ብላችሁ ለወላጅ አስረዱ፤ ለእሷም የትኛው ነገር በእናንተ ዘንድ እንደሚቀር፣ ሕይወቷን የሚያሰጋ ከሆነ ግን ለሌላ ሰው መናገር እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት። አጋጣሚ ሆኖ የምትነግራችሁ ነገር ምርመራውን ሁሉ ሊያስቀይር ይችላል።

ወደ ቤት መላክ ደግሞ ወረቀት ማስፈረም አይደለም። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ሲሰላ 120 ሚሊግራም ነው። በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ 5 ሚሊሊትር ይሰጣል። አንድ ነጥብ ቦታዋን ከሳተች 1200 ይሆናል፤ ስለዚህ ሂሳቡን ሁለት ሰው ይሥራው። እናቱን «ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ሰው ገባኝ ይላል። ሲሪንጁንና ጠርሙሱን ስጧትና እስከ የትኛው መስመር እንደምትቀዳ እሷ ታሳያችሁ። በቤቱ ያለው ማንኪያ ትልቁ ከሆነ ሦስት እጥፍ ልትሰጥ ትችላለች። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃም ካለ ሌሊትም ቢሆን እንድትመጣ ንገሯት፤ ምልክቶቹንም በራሷ ቃል መልሳ ትንገራችሁ። ሲታመም ቤት የሚቆየው ከአያት ጋር ከሆነ አያትም ይህን መስማት አለባቸው።

አንዳንድ ልጅ አይድንም። ልቡ ቆሞ ስትረባረቡ ወላጅ መቆየት ከፈለገ ይቆይ፤ አንድ ነርስ ግን ሥራው ከወላጁ አጠገብ ቆሞ የሚሆነውን ማስረዳት ብቻ ይሁን። ከሞተም «ሞቷል» በሉ። የተሸፋፈነ ቃል ወላጅን ለተጨማሪ ደቂቃዎች በተስፋ ያሰቃያል። ከዚያ ይቀፉት፤ አታጣድፏቸው።

ይህን ሁሉ ይዛችሁ የሄዳችሁበት ክፍል ደንቡ «ወላጅ ውጪ» የሚል ሊሆን ይችላል። ገና አዲስ ናችሁና ከሁሉ ጋር አትጣሉ። የክፍሉን ኃላፊ «ዛሬ ለዚህ ልጅ እናቱ ይዛው ብንሠራስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃችሁን አዘጋጅታችሁ፣ እናቱን አስቀድማችሁ አስረድታችሁ፣ በደንብ ሥሩት። ስንት ሰው እንደያዘው፣ በስንተኛው ሙከራ እንደገባ ቻርቱ ላይ ጻፉ። ስትረካከቡ ስሙን፣ ቤት የሚጠሩትን ስም፣ ሲፈራ ምን እንደሚያረጋጋው ጨምራችሁ አስረክቡ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ልጅ እንደገና ጠይቁ።