ባሌ ካሜራ ሲበራ «ማሬ» ይለኛል

ጥያቄ፦

ሰላም ዶክተር። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የኖርነው ሞተርሆም ውስጥ ነው። ቤታችንን ሸጠን፣ ዕቃውን በትነን፣ አሁን ከቦታ ቦታ እየተዘዋወርን እንኖራለን። ሁለታችንም በላፕቶፕ ስለምንሠራ ሥራው አላስቸገረንም። በቅርቡ እንደኛ መኪና ላይ ስለሚኖሩ ጥንዶች ፕሮግራም የሚሠራ የቴሌቪዥን ጣቢያ አገኘን። ፈረምን፣ ቀረጻም ተጀመረ።

ባለቤቴ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ካሜራው ሲበራ ግን «ማሬ» ይለኛል፣ ይቀልዳል፣ ያቅፈኛል። ቀራጮቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሲሄዱ ስልኩን ይዞ ሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጣል። በቃ፣ እስከ ነገ ጠዋት ዝም። አንድ ቀን ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጠውን «መኪና ላይ የመኖር ሐሳቡ የማን ነበር?» ብለው ጠየቁን። «የሁለታችን» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቱ ግን ሐሳቡ የእሱ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ስንከራከር ቆይተን ነው እሺ ያልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑን ማየት አስጠልቶኛል። ገና የቀረጻ ቀናት ይቀራሉ። ላቋርጠው ወይስ ችዬ ልጨርሰው?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን የሚያነብ ሁሉ መጀመሪያ የሚናደደው በ«ማሬ» ነው። ለካሜራ ጨዋታ፣ ለሚስት ዝምታ። እውነትም ያናድዳል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን አንቺ ራስሽን መነቅነቅሽ ነው። እመለስበታለሁ።

እንግዳ ሲመጣ የሚጫወት፣ እንግዳ ሲወጣ የሚዘጋ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። አብዛኞቹ አስመሳዮች አይደሉም። ሮበርት ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰው እየታየ ሲሆን የለመደው ነገር ይጎላል፤ ያልተካነው ነገር ደግሞ ይብስበታል። ባለቤትሽ ሰው ፊት መጫወት የቆየ ልማዱ ይሆናል። ካሜራው ያንን አጎላው እንጂ አዲስ ሰው አልፈጠረም። ማንም በሌለበት ፍቅሩን መናገር ግን ያልለመደው ነገር ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» የምለው እሱን ስላልሰማሁት ነው። በደብዳቤ የሚደርሰኝ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ነው።

ድካሙንም አስቢው። ቀኑን ሙሉ ሲታይ የዋለ ሰው ፊቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር የሰውን የዕለት ኑሮ በቲያትር መስሎት ነበር፤ ሰው ፊት የምንታይበት የፊት መድረክ አለ፣ ልብሳችንን አውልቀን የምናርፍበት የኋላ መድረክ አለ። የኋላ መድረክ ለብዙ ሰው ቤቱ ነው። የእናንተ ቤት ግን ራሱ መድረክ ሆኗል። ስፋቱ ከሁለት ሜትር ተኩል እምብዛም በማያልፍ ቦታ ላይ ካሜራማኑ፣ ድምፅ ቀጂው፣ ፕሮዲውሰሯ፣ እናንተ ሁለታችሁ። ሾፌር ወንበሩ ለእሱ የቀረችው ብቸኛ ጓዳ ትሆናለች። አንቺ ከእኔ ሸሸ ብለሽ አይተሽዋል። ከመታየት ሸሽቶም ሊሆን ይችላል።

የአንቺስ ጓዳ የት ነው? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አርዊን አልትማንና ባልደረቦቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኞችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለቀናት ዘግተው አጥንተዋል። ገና ከመጀመሪያው «ይህ አልጋ ያንተ፣ ይህ ወንበር የእኔ» ተባብለው ድንበራቸውንና የቀን ውሏቸውን የለዩት ጥንዶች ጊዜውን በተሻለ ተወጡት። ይህን ያላደረጉት መሃል ላይ አቋርጠው መውጣት አበዙ። እናንተም በሁለት ዓመት ውስጥ ሳታስቡት የራሳችሁን ድንበር ሠርታችሁ ይሆናል። ማን የት ይቀመጣል፣ ማን መቼ ቡና ያፈላል፣ የመጸዳጃውን ታንክ ማን ይደፋል። ከዚያ ሦስትና አራት ሰው ገብቶ አንዱን «አንተ እዚህ ቁም፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው» ሌላዋን «አንቺ ትንሽ ጠጋ በይ» ሲል ያ ሁሉ ፈረሰ። ስለዚህ ከመጪው ቀረጻ በፊት አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ለዩ። የኋላው አልጋ አይቀረጽም በሉ። ከስንት ሰዓት በኋላ ማንም አይገባም በሉ። ደረት ላይ የምትሰካውን ማይክም አትርሺ። ካሜራው ጠፍቶም እሷ መስማቷን ልትቀጥል ትችላለች። ማይኩ ካልወለቀ ቀረጻው አላለቀም ብለሽ ያዢ።

ወደ ራስሽ መነቅነቅ ልመለስ።

ዛዮንስ ያለው ለእሱ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ካሜራ ሲበራ የእሱ ልማድ ከጎላ የአንቺም ይጎላል። የአንቺ ልማድ ምንድነው? ከጻፍሽልኝ ስነሳ፣ መጨረሻ ላይ እሺ ማለት ነው የሚመስለኝ። አንድ ዓመት ተከራከርሽ፣ ከዚያ እሺ አልሽ። ውሉን ፈረምሽ። «የሁለታችን» ሲል ነቀነቅሽ። የተናደድሽው በእሱ ነው፣ ልክም ነሽ። ግን ንዴቱ እንዲህ የከረረው ግማሹ ወደ ራስሽ ስለሆነ ይመስለኛል። ሰው ሲዋሽብን እንናደዳለን። አብረን ስንዋሽ ግን ፊቱን ማየት ያስጠላናል፣ የራሳችንን ውሸት ስለሚያሳየን።

እሱስ ዋሸ? እርግጠኛ አይደለሁም። አንዳንድ ሰው «እሺ» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ክርክሩን ጨርሶ ይረሳዋል። ሁለት ዓመት አብራችሁ ነድታችሁ፣ አብራችሁ ጎማ ቀይራችሁ፣ በእሱ ሒሳብ ኑሮው የሁለታችሁ ሆኖ ይሆናል። በአንቺ ሒሳብ ግን ያ እሺ የደከመው ሰው እሺ ነው። ሌላም ገጽታ አለው። «የሁለታችን» የምትለው ቃል ምስጋናውን ስታካፍል ወቀሳውንም ታካፍላለች። ነገ ኑሮው ባይሳካ «ሁለታችንም ነን የመረጥነው» ይባላል። ይህ ነገር ደመ ነፍስሽን ነክቶት ከሆነ አልተሳሳተም።

በጣም የምፈራልሽ ነገር አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ባልና ሚስትን ለየብቻ እያስቀመጡ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። ፕሮዲውሰሯ ዓይንሽን እያየች፣ ሳትቸኩል፣ «እንደዚያ ሲል ምን ተሰማሽ?» ትልሻለች። ቤት ውስጥ ይህን የጠየቀሽ ሰው የለም። አፍሽ ሊከፈት ይችላል። እባክሽ፣ ለባልሽ ያልነገርሽውን ለእሷ አትንገሪ። ክፉ ሰው ስለሆነች አይደለም። ሥራዋ ነው። ባልሽ ይህን ከቴሌቪዥን ከሰማው ግን የምትነጋገሩት ስለ አንቺ እሺታ መሆኑ ይቀርና ስላዋረድሽው ይሆናል።

የተናገርሽውም በሌላ ሰው መቀስ ስር ነው የሚያልፈው። ላውድ የተባለ አሜሪካዊ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1971 ቤቱን ለወራት ለካሜራ ከፍቶ ነበር። 300 ሰዓት ያህል ተቀረጸ፤ በ1973 ለተመልካች የቀረበው 12 ሰዓት ነው። ሚስትየው ባሏን ከቤት እንዲወጣ ስትነግረው አገር ሁሉ አየ። ቤተሰቡ በኋላ በአቀራረቡ ቅር ተሰኝቷል። ባልና ሚስቱ ተፋቱ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሟች ልጃቸውን ኑዛዜ አክብረው እንደገና አብረው መኖር ጀመሩ። ትዳሩን ካሜራው አፈረሰው ብዬ አላምንም፤ ችግሩ ቀድሞም ነበረ። ግን ከ300 ሰዓት ውስጥ የትኛው 12 እንደሚቀር የመረጡት እነሱ አልነበሩም።

ስለዚህ ላቋርጠው ወይስ ልጨርሰው ላልሽው፣ ምክሬ ሁለቱም አይደለም። አዘግዪው። ፕሮዲውሰሯን «ጥቂት ቀን ዕረፍት ያስፈልገናል» በያት። ምክንያት መዘርዘር አይጠበቅብሽም። ከባለቤትሽ ጋር የምትነጋገሩት በዚያ ዕረፍት ነው።

ከእሱ በፊት ግን ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ። ደብዳቤሽ ውስጥ ይህን ኑሮ ወደድሽው ወይስ ጠላሽው የሚል አንድ ቃል የለም። እንዴት እንደገባሽበት ነው የነገርሽኝ። ዛሬ ትወጅው ይሆናል፣ የሚያበግንሽ መጠምዘዝሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወይም ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠይው ኖረሻል። ሁለቱ የተለያየ ንግግር ነው የሚፈልጉት። የመጀመሪያው «ያኔ የሆነውን እወቅልኝ» ነው። ሁለተኛው «መውጣት እፈልጋለሁ» ነው። ሳትለዪ ከገባሽበት ስለ አንዱ ጀምራችሁ ስለ ሌላው ትጣላላችሁ።

ስትጀምሪው «ውሸታም» አትበይ። እንዲህ ያለ ነገር ሞክሪ፦ «ያን ቀን የሁለታችን ስትል እኔም ነቀነቅኩ። እውነት አልነበረም። እሺ ያልኩት ደክሞኝ ነው። ያንን ሳታውቅልኝ በቴሌቪዥን እንድንታይ አልፈልግም።» ከዚያ ዝም በዪና ስሚው። መኪናው እየሄደ አታንሺው፤ አንዳችሁ መሪ ይዛችሁ፣ ሌላችሁ መውረጃ የላችሁም።

ነገሩ ከጋለ አቁሙት። የባልና ሚስት ጠብ ሲያጠና የኖረው ጆን ጎትማን እንደሚለው የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ ሰው መስማት ያቅተዋል፤ ለመብረድም ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ቤት ቢሆን አንዱ ሌላ ክፍል ይገባል። እናንተ የምትዘጉት በር የላችሁም፤ ስለዚህ አንዳችሁ ወጥታችሁ በእግር ዞር በሉ። ግን «ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እመለሳለሁ» ብላችሁ ውጡ። ሳይናገሩ መውጣት ሌላ ጠብ ነው።

«ማሬ»ን ለመጨረሻ ያቆየሁት አልረሳሁትም። ይኸው ጎትማን ባልና ሚስቶችን እንደ መኖሪያ ቤት በተሰናዳ ላቦራቶሪ ውስጥ በካሜራ ይከታተል ነበር። አዲስ ተጋቢዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲያያቸው፣ አብረው የዘለቁት አንዱ ለሌላው ትንሽ ጥሪ 86 በመቶ ያህል ምላሽ ሲሰጡ የነበሩት ናቸው። የተፋቱት 33 በመቶ ገደማ ነበር። ትንሽ ጥሪ ማለት «ያችን ወፍ አየሃት?» ዓይነት ነገር ነው። ካሜራ እያያቸውም ልዩነቱ ታየ። ስለዚህ ባልሽን «ካሜራ ፊት አታቆላምጠኝ» አትበይው። እሱን ካልሽው የቀረችውንም ታጠፊያታለሽ። «እነሱ ከሄዱ በኋላ ስልክህን ከማንሳትህ በፊት አሥር ደቂቃ ከኔ ጋር ተቀመጥ» በዪው። ልክ ያለው፣ ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው። እምቢ ካለም እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እሺ ያልሽው ፈርተሽው ከሆነ፣ ገንዘቡንም ቁልፉንም መታወቂያሽንም የያዘው እሱ ብቻ ከሆነ፣ ከቤተሰብ ርቀሽ የት እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ እስካሁን ያልኩትን ተዪው። ያኔ መጀመሪያ የምታናግሪው ባልሽን አይደለም፤ የምታምኚውን ዘመድ ወይም ባለሙያ ነው።

ውሉንም አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት። በተለመደው አሠራር ምን ተቆርጦ ምን እንደሚቀር የሚወስነው አምራቹ ነው። ከመተላለፉ በፊት ልታዩት ትችሉ ይሆናል፤ ማስቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። ተሳታፊን የሚያማክር ባለሙያ መድበው እንደሆነም ጠይቂ። በእንግሊዝ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጣቢያዎች በመሳተፋቸው ሊጎዱ ለሚችሉ ሰዎች ደህንነት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ደንብ አለ። ባለሙያ ካለ፣ የምትነግሪው ለፕሮዲውሰሯ ይደርስ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጠይቂው። ደመወዙን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ተነጋግራችሁ ከተግባባችሁ ያንን ጥያቄ እንደገና እንመልሰው ማለት ትችላላችሁ። «ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ እሷ አንድ ዓመት ተከራክራኛለች» ቢል ቀራጮቹ አይከፋቸውም፤ እንዲያውም የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው። እሱ በግል አምኖልሽ በአደባባይ ለመናገር ከከበደው ግን አታስገድጂው። ያን ክፍል እንዲተዉላችሁ ሁለታችሁም በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ ማቋረጥ ምን እንደሚያስከፍላችሁ የሚነግራችሁ ጠበቃ ነው፤ ሂሳቡን አውቃችሁ ወስኑ።