ዶፉ ሲወርድ ሳይታችሁ ላይ ቁሙ

ውድ የአርክቴክቸር ተማሪ ልጆቼ፣

በቅርቡ እዚሁ ጅማ የአርክቴክቸር ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት ሥራቸውን ሲያቀርቡ ተጋብዤ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አየሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ውስጥ ልጆቹ ስንት ሌሊት ያደሩበትን ሥራ በስክሪን ያሳያሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔም ከ30 ዓመት በፊት እንዲሁ ቆሜ ስለነበር አንጀቴን በሉት።

ሥዕሎቹ ያምራሉ። እኛ በቀለም ብዕር ስንሥል፣ ስንሳሳት በምላጭ ስንፍቅ ሳምንት የሚፈጅብንን እናንተ በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ። ይህን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። በስክሪኑ ላይ ካየኋቸው ሕንፃዎች በአንዱም ላይ ዝናብ አይዘንብም። ሰማዩ ሁሉ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ጅማ ውስጥ!

ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ቁጥሩን ሁላችሁም ሳይት አናሊሲሳችሁ፣ የግንባታ ቦታ ጥናታችሁ ላይ ጽፋችሁታል። ግን አስልታችሁት ታውቃላችሁ? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት 150,000 ሊትር ይቀበላል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 15 ጊዜ ሞልቶ ይፈሳል ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? ወደ በሩ? ወደ ጎረቤት አጥር? ወደ ራሱ ወደ ቤቱ መሠረት?

ይህን ጥያቄ እኔ የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም። በሰው ቤት ላይ ተሳስቼ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በ3ኛው ዓመት አንድ የቡና ነጋዴ ለቤተሰቡ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እንድሠራለት መጣ። በራሴ ስም የተቀበልኩት የመጀመሪያው ሥራ ነበር። እንቅልፍ አጥቼ ሣልኩት። ጣሪያው ከመንገድ እንዳይታይ በፓራፔት፣ ከጣሪያው በላይ በሚወጣ አጭር ግድግዳ፣ ከበብኩት። ያኔ ፋሽን ነበር፣ ዛሬም አልቀረም። ውሃው ከፓራፔቱ ጀርባ በተደበቀ አሸንዳ ተሰብስቦ በሁለት ቱቦ ይወርዳል። ወረቀት ላይ እንከን የለውም። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ክብ አድርጌ ሣልኩት እንጂ ሄጄ ሥሩ አልቆምኩም። የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው። በበጋ ይረግፋል። የረገፈው አሸንዳው ውስጥ ተኝቶ ክረምቱን ጠበቀ።

ሐምሌ ላይ ተጠራሁ። ቱቦዎቹ ተደፍነው ውሃው ወደ ውስጥ ዞሯል። የልጆቹ መኝታ ቤት ኮርኒስ ወርዷል፣ ፍራሹ ርሷል። ደረጃው ላይ ባልዲና ሳፋ ተደርድሯል። ነጋዴው ብዙ አልተናገረም። እናቱ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቤ ቆሙና «ልጄ፣ ቤቱ ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። እኛ ግን መንገድ ላይ አንኖርም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። አሸንዳው የተደበቀው ከእኔም ነበር። ከተቀበልኩት ክፍያ አብዛኛውን መልሼ አውጥቼ ፓራፔቱን አስፈረስኩ። ጣሪያው ከግድግዳው 90 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ፣ አሸንዳውም ውጭ እንዲሰቀል አደረግኩ። አሁን ቤት ውስጥ ያለ ማንም ሰው መሰላል አቁሞ ይጠርገዋል። ቤቱ የሣልኩትን አይመስልም። ውሃ ግን አይገባበትም።

ከዚያ በኋላ ነው ጅሬን ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በደንብ ያየሁት። ከዚያ በፊት እንግዳ ሲመጣብኝ እየወሰድኩ አሳይቼዋለሁ። እኔ ራሴ ግን አላየሁትም ነበር። ከከተማው መሃል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ባጃጅ ተጋርታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ኮረብታ ላይ ስለሆነ ውሃ አይተኛበትም። ጣሪያው ከግድግዳው ርቆ ይወጣል። በረንዳው ላይ ቆማችሁ ዝናቡን ታያላችሁ፣ ዝናቡ ግን አይነካችሁም። በአብዛኛው እንጨት ነው፣ እርጅናም ተጫጭኖታል። ሆኖም በዚህ ዝናብ ሥር ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። እኔ ተምሬ የሠራሁት ቤት አንድ ክረምት አልቻለም። የዚያን ቀን በረንዳው ላይ ብዙ ቆየሁ።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልመለስ። በዚያ ቀን ከቀረቡት ውስጥ ሦስቱ የቡና ፍሬ ቅርጽ ነበራቸው። አንዱ ጀበና ነበር። ኮንሰፕት፣ የሕንፃው መነሻ ሐሳብ፣ አምጡ ስትባሉ የምትጨነቁትን ጭንቀት አውቀዋለሁ። የጅማን ነገር ማክበራችሁም ደግ ነው። ግን ቡናን ማክበር ፍሬውን አግዝፎ መሥራት አይመስለኝም። ቡና ራሱ ሕንፃ ይፈልጋል። ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚፈልግ ጠይቁት።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ለልምምድ ቢሮዬ መጣች። ቴሲሷ የቡና ማዘጋጃ ጣቢያ ነበር። የመጀመሪያ ሥዕሏ እንደተለመደው የፍሬ ቅርጽ ነው። አላጣጣልኩባትም። ኅዳር ላይ ወደ አጋሮ ሂጂና ሦስት ቀን ቆይተሽ ነይ አልኳት። በመጀመሪያ ቅር አላት። ስትመለስ ደብተሯ ሞልቶ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣች። ያየችውን ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ሰማኋት።

ቀይ እሸት ቡናው በተለቀመበት ቀን መድረስ አለበት፤ ካደረ ይበላሻል። ስለዚህ የመኪናው መግቢያ ከሁሉም ነገር ይቀድማል። ማድረቂያ አልጋው ወገብ ጋ የሚደርስ ነው። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እያሉ ያገላብጡታል። ደመና ሲመጣ ሮጠው በላስቲክ ይሸፍኑታል። በሁለት አልጋ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ከሆነ ሁለት ሰው አይተላለፍም። የደረቀው ቡና እርጥበቱ 12 ከመቶ ገደማ ደርሶ መጋዘን ሲገባ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፤ ጆንያው ከወለሉም ከግድግዳውም መራቅ አለበት። አለበለዚያ እርጥበት መልሶ ይስብና ይሻግታል። የተበላሸውን ፍሬ ከደረቀው ቡና ለመልቀም የተቀመጡት ሴቶች ደግሞ ዓይናቸውን ያማቸዋል፤ ብርሃኑ ከጀርባቸው ስለሚመጣ የራሳቸው ጥላ ቡናው ላይ ይወድቃል።

ይህን የመጨረሻውን አንድ ሴትዮ ናቸው የነገሯት። «ፊቴን ወዲያ ባዞር ይሻለኝ ነበር፣ ግን ግድግዳ ነው» አሏት። ልጅቷ ያንን ግድግዳ ወደ ሰሜን ከፈተችው። በቡና ወራት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ የሰሜን መስኮት ሳያንጸባርቅ ቀኑን ሙሉ እኩል ብርሃን ይሰጣል። የቡና ፍሬው ቅርጽ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣሪያው ርቆ የወጣ፣ ወለሉ ከመሬት የተነሣ ሕንፃ ሆነ። ሬንደሩ፣ የኮምፒውተር ምስሉ ላይ ብዙም አያምርም ነበር። እኔ ግን ካየኋቸው የተማሪ ሥራዎች ሁሉ በጣም የምወደው እሱን ነው።

የጅማ በርጩማ ታውቃላችሁ አይደል? ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ። አራት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ ይንገዳገዳል፣ ሦስት እግር ግን አይንገዳገድም። መጀመሪያ የሠራው ሰው የሚቀመጥበትን የአፈር ወለል ያውቀው ነበር። እኔ ዲዛይን ስል ይሄን ነው የምለው።

ስለ አፈር ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የጅማ ዝቅ ዝቅ ያሉ ሠፈሮች ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ናቸው። ጥር ላይ ይሰነጠቃል፣ ሐምሌ ላይ ያብጣል። መሠረትና ወለል ያነሣል። ምርመራው የባለሙያው ሥራ ነው፣ መደረግም አለበት። እናንተ ግን ከዚያ በፊት የጎረቤቶቹን ግድግዳ እዩ። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ በራቸውን አንኳኩና መቼ እንደጀመረ ጠይቁ። ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ቡና ሁሉ ያፈሉላችኋል።

አሁን ተመርቃችሁ ሥራ ስትጀምሩ ስላለው ነገር ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል። ክፍል ውስጥ ኤርፖርትና ሙዚየም ስትሠሩ ቆይታችሁ ቢሮ ስትገቡ የሽንት ቤት ዝርዝርና የበር ሠንጠረዥ ይሰጣችኋል። ወር ሙሉ በር ትቆጥራላችሁ። «ለዚህ ነው እንዴ 5 ዓመት የተማርኩት?» የሚለው ነገር ይመጣባችኋል። ለእኔም መጥቶብኝ ነበር። በደንብ ሥሩት። በሩ ወዴት እንደሚከፈት ያላሰበ ሰው የሕመምተኛ አልጋ የማይገባበት ክፍል ይሠራል።

ደረጃም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ 3 ሜትር ርዝመት ውስጥ ቀጥ ያለ ደረጃ የሚያስገባ ተማሪ አያለሁ። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ከሆነ በ17 ሳንቲ ሜትር 18 ከፍታ ያስፈልጋል። በመካከላቸው 17 መርገጫ አለ። እያንዳንዱ 28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 4.76 ሜትር ይሆናል። ማረፊያውን ሳይጨምር! ይህን እናንተ ካላሰላችሁት ሳይት ላይ ግንበኛው ያሰላዋል፤ ያኔ ደረጃው መሰላል ይሆናል።

ሳይት ስትላኩ ደብተርና ሜትር ያዙ። ስልካችሁ ላይ ያለው ሥዕል አይበቃም። ፎርማኑ ዕድሜው ከአባታችሁ ሊበልጥ ይችላል። ሰላምታ ስጡት፣ ጋሼ በሉት፣ ጠይቁት። «ይሄ እንዴት ይሠራል?» ብሎ ከጠየቃችሁና ካላወቃችሁ አላውቅም በሉ፤ ነገ አጣርታችሁ ተመለሱ። የተሳሳተ መልስ አርማታ ከተሞላ በኋላ አይስተካከልም። አናጢዎቹንም ስሙ። ከእነሱ ጋር ምሳ የበላሁባቸው ቀናት ብዙ አስተምረውኛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ፈቃድ ስታወጡ ማህተማችሁን የሚከራይ ሰው ይመጣል። ሥዕሉን ሌላ ሰው ሠርቶታል፣ እናንተ ፈርሙ ብቻ፣ ገንዘቡ ይኸው ይላል። ገንዘቡ ደግሞ የቤት ኪራይ በደረሰበት ሰሞን ነው የሚመጣው። እኔም ዘንድ መጥቷል። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፣ ኪሴ ባዶ ነበር። ሥዕሉን ገልጬ ሳየው የትምህርት ቤት ፎቅ ነው፣ መውጫ ደረጃው አንድ ብቻ። መለስኩለት። ያን ወር ተበድረን ኖርን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል የሕዝብ መገልገያዎችን ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ሕግ ይሻሻላልና ሁልጊዜ የቅርቡን ከነመመሪያው ፈልጋችሁ አንብቡ። ያላያችሁትን ሥዕል አትፈርሙ። ልጆች ናቸው የሚገቡበት።

አዲስ አበባ እንሂድ ወይስ እዚሁ እንቅር ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ሂዱ። ትልልቅ ሥራ እዩ፣ ጥሩ አለቃ ካገኛችሁ ሁለት ሦስት ዓመት አብራችሁት ሥሩ። መመለስ የሚፈልግ ይመለሳል። እንደ ጅማ ያሉ ከተሞች በፍጥነት እያደጉ ነው፤ የአዌቱን ወንዝ ተከትሎ የሚሠራውን ሁሉ ሳይ ወንዙ የት እንደሚሞላ የሚያውቅ ወጣት አርክቴክት በጣም እንደሚያስፈልገን ይሰማኛል።

በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ያደጋችሁበትን ቤት ለኩ። ፕላኑንና ሴክሽኑን፣ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ሲታይ ያለውን ሥዕል፣ በእጃችሁ ሣሉ። እናታችሁ ቡና ስትቆላ የት እንደምትቀመጥ፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ምልክት አድርጉ። ማታ እንግዳ ሲመጣ ማን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚተኛ ጻፉ። ከዚያ ዶፍ ሲወርድ ውጡና ቁሙ። ውሃው ከጣሪያው የት እንደሚያርፍ፣ በየት እንደሚሄድ በቀስት አመልክቱ። አገራችሁ ቆላ ከሆነና ዝናብ ካልመጣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጥላው የት እንዳለና ማን እንደተቀመጠበት ሣሉ።

መስከረም ስትመለሱ ሥዕሎቹን ይዛችሁ ቢሮዬ ኑ። ወረቀቱ ቢርስም ግድ የለም።