እናትሽን ይዘሽ ሮም ስትሄጂ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። አንቺ ባለቤትሽንና የ14 ዓመት ልጅሽን ይዘሽ ከአሜሪካ፣ እናትሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥተው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሮም ልትገናኙ ነው። አራት ቀን አላችሁ። እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ፍልሰታንም ይጾማሉ። ባለቤትሽ ታሪክ ይወዳል። ልጅሽ ሙዚየም ሲባል ፊቱን ያዞራል። «አራታችንንም የሚያስደስት ነገር ይኖር ይሆን?» ብለሻል።

አለ። ሮም ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። እናቴም ሁለት ጊዜ መጥታ ጠይቃኛለች፤ አንደኛው ልክ በፍልሰታ ነበር። ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር አራት ሰው አንድ ላይ አስሮ ከተማውን ማዞር እንደማያዋጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ተከፈሉ። አመሻሽ ላይ ሁላችሁም አብራችሁ ውጡ።

የነሐሴ ፀሐይ እዚያ ቀልድ አያውቅም። 35 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ውሃም አይቀምሱም። ስለዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ውጡና አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ማረፊያችሁ ተመለሱ። እሳቸው አረፍ ይበሉ፣ ይጸልዩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቅመሱ። ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ከተማው ሌላ ከተማ ነው።

የመጀመሪያውን ምሽት ለአበበ ቢቂላ ስጡልኝ። ይህን ከልቤ ነው የምለምንሽ። ሜትሮ ቢ ይዛችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ስትወጡ ፊት ለፊት የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) የቆመው እዚያ ፊት ለፊት ነበር። በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ፤ በ2008 ቦታው ላይ ተተከለ። ዛሬ እዚያ ስትደርሱ ሐውልቱን አታገኙትም፤ ለእኔ ግን ከሮም ሐውልቶች ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ የለቀቀው ቦታ ነው። በ1960 ኦሎምፒክ አበበ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ከሞሮኮው ራዲ ተነጥሎ የወጣው እዚሁ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው። ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ የድል በር ድረስ ማንም አልደረሰበትም። ሲጨርስ ጨልሟል፤ ሰዓቱ 2:15:16፣ የዓለም ክብረ ወሰን።

ያንን የመጨረሻ መንገድ እናንተም ሂዱበት። ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። ዛፍ አለው፣ ሜዳ ነው፣ በእናትሽ እርምጃ እንኳ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ግድግዳው ላይ ለድሉ 50ኛ ዓመት የተለጠፈ መታሰቢያ አለ፤ በግራም በቀኝም እያያችሁ ሂዱ። በዚያው በ2010 የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሲራጅ ገና፣ የመጨረሻውን 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ ነው የሮጠው። የወንድሜን ልጅ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ጎንበስ አለና ጫማውን ፈታ። ካልሲውን ጫማው ውስጥ ጠቀጠቀ። መሬቱ የቀኑን ሙቀት ገና አልለቀቀም ነበር። እየተቁነጠነጠ ድል በሩ ድረስ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን «ቀጥሎ የት ነው?» ሲለኝ ሰነበተ። ኮሎሲየም እዚያው ጎን ነው፤ መብራቱ በርቶ ከውጭ ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ያ የድል በር የማን እንደሆነ ንገሪያቸው፤ ቆስጠንጢኖስ የንግሥት እሌኒ ልጅ ነው። ሮም ውስጥ ደግሞ ብዙ ቱሪስት የማይሄድበት፣ ለእኛ እናቶች ግን ከሁሉ የሚበልጥ ቦታ አለ። ሳንታ ክሮቼ ይባላል፤ የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። የእሌኒ ቤተ መንግሥት በነበረበት ላይ የተሠራ ነው። እሌኒ ከኢየሩሳሌም አመጣችው የሚባለው የመስቀሉ ግማድ እዚያ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። እናቴ ደመራ በየዓመቱ ስታከብር የኖረች ሰው ናት። ፊቱ ስትደርስ ነጠላዋን አጣፋች፣ ተንበረከከች፣ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። እኔም አላስቸኮልኳትም። ሜትሮ ኤ ሳን ጆቫኒ ወርዳችሁ ጥቂት መሄድ ነው። እዚያው ሳን ጆቫኒ ጋ ምእመናን በጉልበታቸው የሚወጡት ባለ 28 ደረጃ ስካላ ሳንታ አለ። እናትሽ ካዩት ልውጣ ማለታቸው አይቀርም፤ ከታች ሆነው እንዲሳለሙ አግባቢያቸው።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በነጻ ነው፤ ፍተሻው ግን ያሰልፋል። በራቸው የሚከፈተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ድረሱ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። እናትሽ በነጠላቸው ችግር የለባቸውም፤ አንድ ትርፍ ነጠላ ለአንቺም ያዢ። ገብታችሁ በቀኝ በኩል ፒየታ አለች። ማይክል አንጄሎ በሃያዎቹ ዕድሜው የቀረጻት፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። በፍልሰታ ያቺን ማየት ሌላ ነገር ነው። ከፊት ደግሞ የጴጥሮስ የነሐስ ሐውልት ተቀምጧል። ስንት መቶ ዓመት ሰው እየሳመና እየዳሰሰ የቀኝ እግሩ ጣቶች ተላልሰው አልቀዋል፤ እንደ ሳሙና ልስልስ ብሏል። እናትሽ ውስጥ ሲቀመጡ ባለቤትሽና ልጅሽ ጉልላቱ ላይ ይውጡ። 551 ደረጃ ነው፤ በአሳንሰር ጀምረው ከሄዱ 320 ይቀራቸዋል።

ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው። ከዚያው ባዚሊካ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የእኛ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን አለች። የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ትባላለች። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠች ናት። በግዕዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የወጣው ከዚህ ማኅበር ጋር በተሠራ ሥራ ነው። በኋላም አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 49 እዚህ ከተማ አሳትመዋል። እንደ ባዚሊካው ዝም ብሎ አይገባባትም፤ እዚያ እንዳለች ማወቁ ግን ልብ ይሞላል።

ፓንቴዎንንም አያምልጠው። ወደ 1,900 ዓመት የሞላው ሕንፃ ነው፤ ጉልላቱ ያለ ብረት 43 ሜትር ተዘርግቶ መሀሉ ክፍት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ማስረጊያ ቀዳዳዎች አሉት። መግቢያው 5 ዩሮ ነበር። እዚያ ውስጥ የተቀበረው ንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ ደግሞ በዓድዋ ጊዜ የጣሊያን ንጉሥ የነበረው ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው በእሱ ዘመን ነው። ባለቤትሽ መቃብሩ ፊት ቆሞ የሚያስበው አያጣም።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ ይባላል፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ስማቸው ያለበት ሐውልት አለ። ዛሬ ለገሃር የቆመው አንበሳ በወረራው ዘመን ተወስዶ እዚያ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። የዘርዓይ ደረስ ስም የሚነሳውም ከዚህ ቦታ ጋር ነው።

ኮሎሲየም ውስጥ መግባት የሚፈልጉት ሁለቱ ወንዶች ይመስሉኛል። ትኬቱን ቀደም ብለሽ ከራሱ ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ግዢ፤ በር ላይ ከሚያባብሉ ሰዎች አትግዢ። ትኬቱ ላይ ስም ስላለ ልክ ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው ይሞላ። ከ18 ዓመት በታች በነጻ ነው፤ ስሙ ያለበት ትኬት ግን ልጅሽም ያስፈልገዋል። እነሱ እዚያ ሲሆኑ አንቺና እናትሽ ቅርብ ያለው ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ግቡ። ጴጥሮስ የታሰረበት ሰንሰለት ነው የሚባለው እዚያ አለ። የማይክል አንጄሎ ሙሴም እዚያው ነው።

ለልጅሽ አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ዳር ውሃቸው ቀን ከሌሊት የሚፈስ ትናንሽ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ናዞኒ ይባላሉ። ውሃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። አፉን በጣት ስትደፍኚው ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ እንደዚያ ነው የሚጠጣው። የውሃ ዕቃ ይዛችሁ ውጡ፣ አትግዙ። የትሬቪ ፏፏቴን በሌሊት ወይ በማለዳ እዩት፤ ቀን ሰው በሰው ላይ ነው።

የጾም ምግብ እንዳያስጨንቅሽ። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ስፓጌቲ አሊዮ ኤ ኦሊዮ፣ በዘይት የተጠበሰ ቺኮሪያ የሚባል ቅጠል፣ የአይሁድ ሰፈሩ ጥብስ አርቲቾክ የሚባል አትክልት ሁሉም ጾም ናቸው። ብቻ «ሴንትሳ ፎርማጆ» በይ፤ አይብ እንዳይነሰንሱበት። ማኪያቶ ብትይ የሚመጣልሽ ጠብታ ወተት ያለው ትንሽ ስኒ ነው። ለእናትሽ ካፑቺኖ በሶያ (በአኩሪ አተር) ወተት እዘዢላቸው። ነሐሴ 9 አካባቢ የጣሊያኖቹ ትልቅ በዓል ስለሆነ ብዙ የሰፈር ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ተርሚኒ አካባቢ ያሉትን የሐበሻ ቤቶችም ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

የድንጋዩ ንጣፍ ጉልበት ይጎዳል። እናትሽ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ፣ ረጅሙን መንገድ በታክሲ ሂዱ። በተጨናነቀ አውቶቡስ ቦርሳችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ እኔ ስልኬን ያጣሁት በር ላይ ስገፋ ነው። ባዶ አውቶቡስ ሲገኝ ግን አሳፍሪያቸው። እናቴ ከድምፅ ማጉያው «ፕሮሲማ ፌርማታ» ሲል ሰምታ «ፌርማታ አለች እኮ!» ብላ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፌርማታ ጮክ ብላ እየቆጠረች ሄደች።

የምታርፉበትን ሰፈር ስትወስኚ ጻፊልኝ፤ የትኛው መስመር ለእናትሽ እንደሚቀል እነግርሻለሁ።